ዜማ በትምህርት ቤት ደጃፍ

በቀድሞው የአገራችን ሥርዓተ ትምህርት ሕፃኑ ፊደል ቈጥሮ፣ አቡጊዳ ዘልቆ ወደ ንባብ በተሻገረ ጊዜ፣ ግእዝ ንባብ፣ ውርድ ንባብ፣ ቁም ንባብ እየተባለ ቃሉን በልክ እያነሣና እየጣለ፣ ተነሹን ከወዳቂው፣ ሰያፉን ከተጣዩ ለይቶ እንዲያደምጥ ይገደድ ስለ ነበር፣ ዜማ ገና የዜማ ቤትን ደጃፍ ሳይረግጥ በጆሮው ያድር ነበር። ዛሬ ስለ አገር በቀል ሙዚቃና ስለ ትምህርት በየጉባኤው ሲነገር ብዙዎች የሚያስቡት ለተማሪው ተጨማሪ ክፍለ ጊዜ ስለ መስጠት ነው፤ ቀደምት መምህራን ግን ዜማን የማወቂያ መንገድ አድርገው ይዘውት እንደ ነበረ የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

ስለ ቅዱስ ያሬድ የሚተረከውን ዜና አብዛኛው ሰው ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሰምቶታል፤ ሆኖም ታሪኩ የመምህርነት ጉዳይ መሆኑን ልብ የሚል አይበዛም። በስድስተኛው መቶ ዓመት በአክሱም የኖረው ይህ ሊቅ፣ ትውፊቱ እንደሚለው፣ ትምህርት አልገባ ብሎት በመምህሩ በአባ ጌዴዎን ዘንድ በትር የበዛበት ልጅ ነበረ፤ ሸሽቶ በዛፍ ሥር ባረፈ ጊዜም እየወደቀ ደጋግሞ የሚወጣውን ትል አይቶ ወደ መምህሩ ተመለሰ። ያገራችን የዜማ አባት ተብሎ የሚከበረው ሰው ትምህርት የከበደው ተማሪ ሆኖ መታሰቡ እኔን እስካሁን ያስደንቀኛል።

በያሬድ ስም ከሚጠሩት መጻሕፍት መካከል ድጓ፣ ጾመ ድጓ፣ ምዕራፍ፣ ዝማሬና መዋሥዕት ሲገኙ፣ ዜማውም በግእዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ይከፈላል። የሚጻፍበትን ምልክት፣ ማለት ይዘትን፣ ደረትን፣ ጭረትን፣ ርክርክን፣ ድፋትን፣ ቅናትን፣ ሂደትንና ቁርጥን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን የነበሩት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳቀኑት ይነገራል። ነገር ግን ከፊደሉ በላይ የተሰነዘረው ይህ ጭረትና ነጥብ ብቻውን ለማንም አይዘምርም፤ ዜማውን በቃሉ የያዘ መሪጌታ ከፊት ቆሞ ሲያሰማ፣ ተማሪው ተቀብሎ ሲመልስ፣ ደግሞም ሲታረም፣ ያን ጊዜ ምልክቱ ነፍስ ይዘራል። ስለዚህ የዜማ ቤት ተማሪ፣ ቁራሽ ለምኖ ወይም ቆሎ ቆርጥሞ የሚያድረው ያ የቆሎ ተማሪ፣ ጽሕፈትና ቃል የሚተጋገዙበትን ትምህርት ለብዙ ዓመታት ይለማመዳል፤ የድጓው ተማሪም የራሱን ድጓ ከነምልክቱ በእጁ ጽፎ መጨረስ የልማድ ግዴታው ነበር። መምህር ፍለጋ አገር ማቋረጥ ተራ ነገር ስለ ነበር፣ ለድጓ ወደ ጋይንት ቤተልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ወደ ዙር አምባ፣ ለአቋቋም ወደ ጎንደር መጓዝ ለሊቅነት የሚከፈል ዋጋ ነበር። የአቋቋም ትምህርት ደግሞ በላይ ቤት፣ በታች ቤትና በተክሌ ተለይቶ፣ ዜማውን ከአንገት ወደ እግርና ወደ እጅ ያወርደዋል፤ ዝማሜው በመቋሚያ፣ ቁም ጸናጽሉ በጸናጽል፣ መረግዱና ጽፋቱ በከበሮ እየተመታ ተማሪው ልኩን በሰውነቱ ያጠናል። የአውሮፓ መምህራን ሙዚቃ ከእንቅስቃሴ ጋር ካልተማሩት አይጠልቅም ሲሉ የሰማ ሰው፣ የእኛን ደብተራዎች ባያስታውስ ይገርማል።

ነገሩ የቤተ ክርስቲያን ብቻ አልነበረም። በወሎ በመንዙማ የሃይማኖት ትምህርት ዐረብኛ ለማያውቀው ሕዝብ በአማርኛ ግጥምና ዜማ ተላልፏል፤ በጋሞ ደጋ ዶርዜዎች ብዙ ድምፅ አስተባብረው የሚዘምሩትን ዜማ ልጆቻቸው ያለ መጽሐፍ ከጎልማሶቹ መካከል ቆመው ይቀበሉታል፤ የአዝማሪውም ልጅ መሰንቆ የሚማረው በአባቱ አጠገብ ተቀምጦ ነው።

ዘመናዊው ትምህርት ቤት ግን በ1900 ዓ.ም. ገደማ በዳግማዊ ምኒልክ ስም ሲከፈት የውጭ ቋንቋና ሒሳብ ይዞ መጣ፤ ሙዚቃም የገባው በሠልፍ ሙዚቃ በኩል ነበር። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በኢየሩሳሌም ያገኟቸው አርባ የአርመን ልጆች ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር አዲስ አበባ ሲገቡ፣ የነሐስ ጡሩንባና ባለ አምስት መስመር የኖታ ጽሕፈት የመንግሥት ሙዚቃ መልክ ሆኑ። በዚህ ማንንም አልወቅስም፤ ያ ሙዚቃ ለእኛም ብዙ መልካም ነገር ሰጥቶናል። ቅር የሚያሰኘው ሙዚቃን የተማረ ማለት ኖታ የሚያነብ ብቻ፣ በጆሮው የተማረ ግን ያልተማረ መባሉ ነው።

ይህን መለያየት ለማስታረቅ የሞከሩ አልጠፉም። በ1955 ዓ.ም. ገደማ ግብፃዊው ሐሊም ኤል ዳብ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያቋቋሙት፣ ኋላም ተስፋዬ ለማ የመሩት ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ፣ ከየክፍለ ሀገሩ የመጡትን ክራር፣ መሰንቆ፣ ዋሽንትና በገና በአንድ መድረክ አስቀመጠ። በ1950ዎቹ ማብቂያም በአዲስ አበባ በአሸናፊ ከበደ መሪነት የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲመሠረት፣ ከፒያኖና ከቫዮሊን ጎን የአገሩ መሣሪያም ቦታ አገኘ። ነገር ግን ጎን ለጎን መቀመጥ እኩል መሆን አይደለም። ፒያኖው ስምንተኛውን ድምፅ በ12 እኩል ርቀት ሲከፍለው፣ በአንቺ ሆዬ ወይም በአምባሰል ቅኝት ክሩን የሚወጥር ባለክራር ግን ጆሮው በሚመራው ልክ ያስቀምጠዋል፤ ሁለቱ አብረው እንዲጫወቱ ሲፈለግ ልኩን የሚለውጠው ዘወትር ክራሩ ነው፤ ፒያኖውን ለክራር ሲቃኙት አይታይም። በገናም እንዲሁ ነው፤ ከአሥሩ አውታሮቹ ሥር የገባው እንዚራ የሚሰጠውን ያን የሚንዘዘዝ ድምፅ የትኛው ኖታ ይጽፈዋል? በያሬድ ትምህርት ቤት በገና ካስተማሩት መካከል የታወቁት ዓለሙ አጋ፣ በዩኒቨርሲቲ የተማሩት ጂኦግራፊ ሲሆን፣ በገናውን የተቀበሉት ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል እጅ በልጅነታቸው ነው። ዘመናዊው ተቋም መምህር ያገኘው፣ ራሱ ባልዘረጋው የትምህርት መንገድ ላይ መሆኑን ይህ ይነግረናል።

የዜማ ቤቶቹንም ድኽነት ከመንደር መተዳደሪያ ነጥሎ ማየት አይቻልም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የመሬት አዋጅ ገባሩን ነፃ ሲያወጣ፣ የዜማ ቤቱ ጉባኤ የሚተዳደርበትን መሬት ከደብሩ ወሰደ፤ ያንን የሚተካ ደመወዝ ግን ለመሪጌታው አልታሰበለትም። ከዚያ ወዲህ የቆየው ጉባኤ የቆየው በምእመናን እጅና በመምህሩ ጽናት ነው።

አሁን በዝቅተኛ ክፍሎች ሙዚቃ፣ ሥዕልና ድራማ በሚያስተምረው የጥበባት ትምህርት ውስጥ የአገር ዜማ ይገባል ሲባል፣ ማን ያስተምረዋል የሚለው ጥያቄ መጀመሪያ መመለስ ነበረበት። ድጓ ያስመሰከረ መሪጌታ፣ የወሎ መንዙማ ባለሙያ፣ ከአባቱ መሰንቆ የተቀበለ አዝማሪ፣ ዲፕሎማ የለህም ተብለው ከክፍሉ በር ከቀሩ፣ ልጁ የሚማረው መጽሐፍ ላይ የተሣለውን ክራር ሥዕል ብቻ ይሆናል። መምህራኑን በችሎታቸው መዝኖ በየወረዳው በክፍያ የሚጠራ ደንብ ማውጣት ከሥርዓተ ትምህርት መጽሐፍ ማሳተም ይልቅ የሚቀል ይመስለኛል፤ ቢሆንም የመጽሐፉ ኅትመት ነው የሚቀድመው፤ ኅትመት በሪፖርት ላይ ይታያልና።