የተኛች ላም ሁሉ ፔንስትሬፕ አትወጋ

ከወለደች በኋላ መነሳት ላቃታት ላም ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚፈለገው ፔንስትሬፕ ነው። መድኃኒቱ ፔኒሲሊንና ስትሬፕቶማይሲን የያዘ ሲሆን፣ ጥንቃቄ የሚያሻው ስትሬፕቶማይሲኑ ነው። በአንዳንድ እንስሳት ላይ ድካሙን ያብሳል፤ ትንፋሽም ሊያቆም ይችላል።

እንዴት?

ጡንቻ የሚሠራው በነርቭ ትእዛዝ ነው። ትእዛዙ የነርቩ ጫፍ ሲደርስ ካልሲየም ወደ ውስጥ ይገባል፤ አሴቲልኮሊን የሚባል ንጥረ ነገር ይለቀቃል፤ ጡንቻውም ይኮማተራል። ስትሬፕቶማይሲን፣ ጄንታማይሲን፣ ኒዮማይሲንና ካናማይሲን የካልሲየሙን መግቢያ ያግዳሉ። ስለዚህ የሚለቀቀው አሴቲልኮሊን ያንሳል፤ ጡንቻውም ለመልእክቱ ያለው ምላሽ ይደክማል።

ጤነኛ እንስሳ በትክክለኛው መጠን ጡንቻው ላይ ሲወጋ ይህ ብዙውን ጊዜ አይታይም፤ ነርቩ ከሚበቃው በላይ አሴቲልኮሊን ይለቃልና። አደጋው ይህ ትርፍ በሌለው እንስሳ ላይ ነው።

እነማን ላይ ይከፋል?

• የወተት ትኩሳት የያዛት ላም፦ ስሙ ትኩሳት ቢሆንም ጆሮዋ ይቀዘቅዛል፣ አንገቷን ወደ ጎኗ አጥፋ ትተኛለች። የጎደላት ካልሲየም ነው።
• ቦቱሊዝም የያዘው ከብት ወይም ግመል፦ በበጋ ፎስፈረስ ያጠረው እንስሳ የሞተ እንስሳ አጥንት ሲያኝክ ሊይዘው ይችላል። መርዙ ራሱ አሴቲልኮሊን እንዳይለቀቅ ያደርጋል።
• ማደንዘዣ ወይም ጡንቻ ማላሊያ የተሰጠው እንስሳ።
• ኩላሊቱ የታመመ፣ ወይም ረጅም መንገድ ተጉዞ ውሃ የተጠማ እንስሳ፦ መድኃኒቱ የሚወጣው በኩላሊት ስለሆነ በሰውነት ይጠራቀማል።

መጠን ማብዛትና በደም ሥር በፍጥነት መስጠትም አደጋውን ይጨምራሉ።

ምን ይደረግ?

ከመርፌ በኋላ እግሩ ከተብረከረከ፣ አንገቱን መሸከም ካቃተው፣ ምላሱ ከላላ ወይም ትንፋሹ ከደከመ ሌላ መርፌ አይጨመር። ሐኪም በአስቸኳይ ይጠራ፤ የመድኃኒቱ ስም፣ መጠንና የተሰጠበት ሰዓት ይነገረው። በመድኃኒቱ የመጣውን ድካም በደም ሥር ቀስ ብሎ የሚሰጥ ካልሲየም ሊያቃልለው ይችላል። ይህ የሐኪም ሥራ ነው፤ ካልሲየም በፍጥነት ከተሰጠ ልብ ያቆማል። የቦቱሊዝምን መርዝ ግን ካልሲየም አያረክሰውም።

መነሳት ያቃተው እንስሳ ሲያጋጥምዎ ከመርፌው በፊት ይጠይቁ፦ መቼ ወለደች? አጥንት ታኝክ ነበር? ውሃ መቼ ጠጣች? መልሱ ከመድኃኒቱ በፊት ሐኪሙ ጋ ይድረስ።