ቮልሷ ጠዋት ለምን አልነሳ ትላለች?

ብርዳማ የአዲስ አበባ ጠዋት። የድሮዋ ቮልስ ቁልፉ ሲዞር ሁለቴ ሳል ሳል ትልና ጭጭ። ባለቤቷ ወዲያው ባትሪውን ያማል፤ ሞተሪኖው በኃይል የሚያዞር ከሆነ ግን ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው።

ካንዴላው ተፈትቶ ይታይ። ጫፉ ፈዛዛ ቡናማ ከሆነ ቃጠሎው ደህና ነው። በቤንዚን ከራሰ፣ ብዙውን ጊዜ ነዳጁ ደርሶ እሳቱ ቀርቷል። ደረቅ ጥላሸት ከለበሰ ደግሞ ቤንዚኑ በዝቷል። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ስስ ነው፤ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል። የሚያሳዝነው፣ ይህ ተዘንግቶ ካንዴላ ብቻ እየተለወጠ ገንዘብ መባከኑ ነው።

ካንዴላው ከደረቀ ፓምፑና የቤንዚን ቱቦው ይፈተሹ። የተሰነጠቀ ቱቦ በጋለ ሞተር ላይ እሳት ያስነሳል፤ ቤንዚን ከሸተተዎት ቁልፉን አያዙሩ።