የፍሬሽማን ነጥብ የት ይንጠባጠባል?

በ2012 ዓ.ም. የፍሬሽማን ዓመት ወደ ኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ሲመለስ የዲፓርትመንት ምደባም ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሆነ። ብዙ ተማሪ ግን ነገሩ ትዝ የሚለው የምርጫ ፎርም ሲሞላ ነው።

ያኔ ረፍዷል። ተፈላጊ ዲፓርትመንት የሚገባው በዋናነት በጂፒኤ ተወዳድሮ ነው፤ ጂፒኤ ደግሞ የየኮርሱ ውጤት በክሬዲት አወሩ ተባዝቶ፣ ድምሩ ለጠቅላላው ክሬዲት ተካፍሎ ይገኛል። ባለ 3 ክሬዲት አምስት ኮርስ ወስዶ በአራቱ ቢ ፕላስ (3.5)፣ በማትስ ሲ (2) ያመጣ ተማሪ 3.2 ይይዛል። ያቺ ሲ፣ ቢ ብትሆን 3.4 ነበር። ፉክክሩ ጠንከር ባለበት ዲፓርትመንት ይህቺ ልዩነት ቀላል አይደለችም።

ነጥብ የሚንጠባጠበው ደግሞ በፋይናል ብቻ አይደለም። ሳይታሰብ በተሰጠ ኩዊዝ፣ ስም ብቻ በተጻፈበት የቡድን አሳይመንትም ይሄዳል (ስም አስጻፊው ፕረዘንቴሽን ሲመጣ መጋለጡ አይቀርም)። የሚድ ወረቀት ሲመለስ ይዞ መምህሩ ቢሮ መሄድ ነውር የለውም፤ የድምር ስህተት የሚታረመውም ያኔ ነው። ከሲኒየር የሚወረሰው የድሮ ፈተና ለመለማመጃ ይሁን እንጂ ለሽምደዳ አይሆንም፤ ወረቀቱ ከዶርም ዶርም እንደሚዞር መምህሩም ያውቃል።