የነዳጅ ጋን ከመፍሰሱ በፊት የሚያሳያቸው ምልክቶች

ውጫሌ፦ ከጅቡቲ ወደብ የተነሣ የነዳጅ ቦቴ በጋላፊና በሚሌ አልፎ፣ የባቲን ዳገት ወጥቶ ኮምቦልቻ ይደርሳል። ከዚያም በደሴና በሐይቅ በኩል ወደ ውጫሌና ወደ ወልድያ ያቀናል። ይህን ሁሉ መንገድ የተጓዘ ናፍጣ መጨረሻው የወፍጮ ቤት ሞተር፣ የመስኖ ፓምፕ ወይም የመንገድ ሥራ ማሽን ነው። በመካከሉ ግን ለቀናት ወይም ለወራት በአንድ የብረት ጋን ውስጥ ይቀመጣል። የዚያ ጋን ደኅንነት የባለቤቱ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ከሥሩ ያለው ማሳ፣ ጉድጓድና ምንጭ የብዙዎች ነውና።

በማደያዎች ያለው ጋን በአብዛኛው መሬት ውስጥ የተቀበረ ነው። በዲፖዎች፣ በግንባታ ካምፖችና በአንዳንድ ድርጅቶች ግቢ የሚታየው ግን ከመሬት በላይ የቆመ ነው። ከመሬት በላይ መሆኑ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ጉዳቱ በዓይን ይታያል። ጥቅሙ የሚገኘው ግን የሚያይ ሰው ሲኖር ነው።

ጋንን የሚጎዳው የመጀመሪያው ጠላት በውስጡ የሚጠራቀም ውኃ ነው። ቀን ሞቆ ሌሊት ሲቀዘቅዝ፣ በጋኑ ባዶ ክፍል ያለው አየር እርጥበቱን በብረቱ ላይ ያንጠባጥባል። ውኃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርዳል። በውኃውና በናፍጣው መገናኛ ላይ ረቂቅ ተሕዋስያን ይራባሉ፤ የሚያመነጩት አሲድም ወለሉን ከውስጥ ይበሳል። ስለዚህ ከውጭ ቀለሙ ያማረ ጋን ከሥሩ ሊበላ ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ውኃ ሲነካው ቀለሙን የሚለውጥ ቅባት በመለኪያ ዘንግ ጫፍ ተቀብቶ እስከ ወለሉ ይወርዳል። ውኃ ከታየ በታችኛው ቫልቭ በባልዲ ተቀድቶ ይወገዳል እንጂ ወደ ቦይ አይለቀቅም።

ሁለተኛው መሠረቱ ነው። አርሶ አደሩ እንደሚያውቀው መረሬ አፈር በክረምት ያብጣል፤ በበጋ ይሰነጠቃል። በእንዲህ ያለ አፈር ላይ በቀጥታ የተቀመጠ ጋን አንዱ ጎኑ ይሰምጣል፤ ብየዳውና የቧንቧው መጋጠሚያም ይወጠራል። ስለሆነም ጋኑ ውኃ በማይቋጥር የተደለደለ ጠጠር ወይም በኮንክሪት ላይ መቆም አለበት። ከክረምት በፊትና በኋላ በውኃ ልክ መለካት መዝመሙን ያሳውቃል። በግንቦት 2012 ዓ.ም በሩሲያዋ ኖሪልስክ ከተማ ከ20 ሺህ ቶን በላይ ናፍጣ የፈሰሰው የጋኑ መሠረት በመስመጡ ነበር።

ሦስተኛው የላሜራው ውፍረት ነው። ባለሙያዎች በድምፅ ሞገድ የሚሠራ መለኪያ ይጠቀማሉ። ለምሳሌ ሲሠራ 6 ሚሊ ሜትር የነበረ ላሜራ ከ10 ዓመት በኋላ 5 ሚሊ ሜትር ከሆነ በዓመት 0.1 ሚሊ ሜትር እየተበላ ነው ማለት ነው። ከዚህ ተነሥቶ ቀሪ ዕድሜው ይሰላል። ለትልልቅ ጋኖች የሚያገለግለው የአሜሪካ ነዳጅ ኢንስቲትዩት 653ኛ ደረጃ ባለቤቱ በየወሩ በዓይን እንዲቃኝ፣ ብቁ መርማሪ ደግሞ ቢበዛ በየ5 ዓመቱ ከውጭ እንዲፈትሽ ያዝዛል።

አራተኛው መተንፈሻው ነው። ነዳጅ ሲቀዳ በምትኩ አየር መግባት አለበት። ተርብ ወይም ወፍ ጎጆ ሠርቶ መተንፈሻውን ከደፈነው፣ ጋኑ ሲቀዳለት ወደ ውስጥ ሊጨማደድ፣ ሲሞላ ደግሞ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ጋን ሊፈስ ስለሚችል ዙሪያው በግንብ ይታጠራል። በተለመደው ስሌት ግንቡ ትልቁ ጋን ከሚይዘው 110 በመቶ መያዝ ይኖርበታል። የግንቡ የዝናብ ውኃ መውጫ ሁልጊዜ ተዘግቶ ይቆያል፤ የሚከፈተውም የተጠራቀመው ውኃ የዘይት አብረቅራቂ እንደሌለበት ከታየ በኋላ ነው። በጎረቤታችን ያለው የሐይቅ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም። እንዲህ ያለ የውኃ አካል የገባበትን ነገር ጠርጎ የሚያወጣበት መንገድ ስለሌለው፣ በተፋሰሱ የሚፈስ ዘይት ለዓሣ አስጋሪውም ለከብት አርቢውም ዘላቂ ጉዳት ነው።

ትንሽ ጠብታም አትናቅ። በሰከንድ አንድ ጠብታ የሚያንጠባጥብ ቫልቭ በቀን ከ4 ሊትር በላይ፣ በወር ከ120 ሊትር በላይ ያባክናል። ኪሳራው በኪስ ብቻ አይቀርም፤ አፈሩ የጠጣው ናፍጣ ቀስ እያለ ወደ ጉድጓድ ውኃ ይዘልቃል።

ያገለገለ ጋን የሚገዛ ሰው የአሽላንድን ታሪክ ቢያውቅ ይጠቅመዋል። በታኅሣሥ 1980 ዓ.ም በአሜሪካ ፔንሲልቫኒያ፣ ከ40 ዓመት በላይ ካገለገለ ብረት እንደገና የተገጣጠመ ጋን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሞላ ተሰንጥቆ ፈረሰ። ናፍጣው ግንቡን ዘሎ ወንዝ ገባ፤ የበርካታ ከተሞች የመጠጥ ውኃ ተስተጓጎለ። ጋኑ በቅድሚያ እስከ አፉ ውኃ ተሞልቶ አልተፈተነም ነበር። በታኅሣሥ 1998 ዓ.ም በእንግሊዝ ባንስፊልድ የደረሰው ፍንዳታ ደግሞ የመነጨው የመጠን መለኪያው በመቆሙና ጋኑ ሞልቶ በመፍሰሱ ነው። መለኪያ ቢኖርም በዘንግ ማረጋገጥ አይቀርም።

ሕይወትን የሚነኩ ሦስት ነገሮች በተለይ ልብ ሊባሉ ይገባል። አንደኛ፣ ለማጽዳት ተብሎ ጋን ውስጥ አይገባም። የእህል ጉድጓድ እንደተከፈተ ዘሎ የማይገባው በታፈነው አየር ምክንያት ነው፤ የነዳጅ ጋንም እንዲሁ ነው፤ የወደቀውን ላውጣ ብሎ የገባም አብሮ ይቀራል። ሁለተኛ፣ ባዶ በርሜል አይበየድም፤ ከሙሉው ይልቅ በትነት የተሞላው ባዶ በርሜል ይፈነዳል። ሦስተኛ፣ የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ተጉዞ ራቅ ካለ ምድጃ እሳት ሊያመጣ ይችላል። ነዳጅን በመኖሪያ ቤት ማስቀመጥ የማይገባውም ለዚህ ነው፤ ያለ ፈቃድ ማከማቸትና መቸርቸርም በሕግ ያስጠይቃል።

ፍሳሽ ከታየ በቅድሚያ እሳትና ሞተር ይጥፋ፤ ቫልቭ ይዘጋ፤ የፈሰሰው በአፈር ወይም በአሸዋ ይገደብ፤ በውኃ አይታጠብ፤ የታችኛው ሰፈር ውኃ ተጠቃሚዎችና የወረዳው ኃላፊዎች ወዲያው ይነገራቸው።

ክረምት ከመግባቱ በፊት አርሶ አደሩ የጎተራውን ክዳንና እግር ይፈትሻል። ነዳጅ ያከማቸ ሁሉ ለጋኑም ይህንኑ ያድርግ፤ ያየውንም ከነቀኑ በመዝገብ ያስፍር። የዛሬው ዝገት ካለፈው ወር መባሱ የሚታወቀው በዚያ መዝገብ ነው።