ኩርካር ምንድን ነው?

ከኤይን ሀትኽሌት ሰፈር ወደ ባሕሩ የምትወርዱ ወገኖቼ፣ በኔታኒያ ዳርቻ የሚታየው የቢጫማው ገደል ድንጋይ በዕብራይስጥ «ኩርካር» ይባላል። ቃሉ በአካባቢው አረብኛም ያው ነው። ሊባኖሶች ግን ይህንኑ ድንጋይ «ራምሌህ» ይሉታል፤ አሸዋ ማለት ነው።

የሊባኖሶቹ ስያሜ ትክክል ነው፤ ኩርካር ነፋስ የከመረው የባሕር ዳርቻ አሸዋ ነውና። የዝናብ ውሃ በአሸዋው ውስጥ ያለውን የዛጎል ስብርባሪ ያሟሟል፤ የሟሟው ኖራ መልሶ ሲረጋ ቅንጣቶቹን እንደ ሲሚንቶ ያያይዛቸዋል። በመካከሉ የምታዩት ቀይ አፈር «ሐምራ» ይባላል። በሮማውያን ዘመን ቂሳርያ በአብዛኛው የተገነባችው በኩርካር ነው።

አሸዋው ከየት መጣ? እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው። አብዛኛው የመጣው ከናይል ነው፤ ሞገድና የባሕር ጅረት በሲና ዳርቻ በኩል ወደዚህ ገፉት። ናይል ወደ ባሕር ሲያወርደው ከኖረው ደለል ደግሞ የሚበልጠውን የሰጡት ዓባይና ተከዜ ናቸው። በአሸዋው ውስጥ ካሉት ጠቆር ያሉ ቅንጣቶች መካከል ከኢትዮጵያ ደጋ ባዛልት የተሸረሸሩ ይገኛሉ። ወላጆቻችን ወደ እስራኤል ለመምጣት ከጎንደር ከመነሣታቸው ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት የደጋው ድንጋይ እዚህ ደርሶ ነበር።

ነገር ግን ኩርካር ደካማ ድንጋይ ነው። ሞገድ ከሥሩ ይቦረቡረዋል፣ ዝናብ ከላይ ያላላዋል፣ ከዚያ ሳይታሰብ ይናዳል። እባካችሁ፣ ጥላ ፍለጋ ከገደሉ ሥር አትቀመጡ፤ ልጆችም ጫፉ ላይ አይጫወቱ። የማስጠንቀቂያ ሰሌዳውን ዕብራይስጥ ለማያነቡ አያቶቻችን አንብቡላቸው።