ከዙፋኑ የቆየው አንበሳ

ደርግ ዘውዱን ከሻረ በኋላ 1969 ዓ.ም. የሚል ቀን የተቀረጸባቸው አዳዲስ ሳንቲሞች አስመታ። የንጉሠ ነገሥቱ ምስል ጠፍቷል፤ በቦታው የተተካው ግን አፉን የከፈተ የአንበሳ ራስ ነው። ከሰንደቅ ዓላማው ላይ ዘውድ የደፋውን አንበሳ ያነሣ መንግሥት በሳንቲሙ ላይ ሌላ አንበሳ ማስቀመጡ ግራ ያጋባ ይሆናል። ነገሩ ግን ብዙ አያስገርምም። አንበሳ በኢትዮጵያ የነገሥታት አርማ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ቤተ መንግሥቱ የራሱ አንበሳ ነበረው፣ ቤተ ክርስቲያን የራሷ፣ የእሳት ዳር ተራኪም የራሱ። ከሦስቱ ለእኔ የሚጥመኝ የተራኪው ነው፤ ወደ ምክንያቱ ኋላ እመለሳለሁ።

የቤተ መንግሥቱ አንበሳ መነሻው ያዕቆብ ለልጁ ለይሁዳ የሰጠው ምርቃት ነው። ክብረ ነገሥት የኢትዮጵያን ነገሥታት ከሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ ስለሚያዋልድ የይሁዳ አንበሳም አብሮ ወደ ኢትዮጵያ ተሻገረ። በማኅተሞች ራስ ላይ የምናነበው «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» ግን ከዮሐንስ ራእይ የመጣ ሲሆን የሚናገረው ስለ ክርስቶስ ነው። ንጉሡ ከስሙ በፊት የሚያስቀድመው የእምነት ቃል ነበር፤ በጊዜ ብዛት የራሱ ማዕረግ ተደርጎ ተወሰደ። አፄ ቴዎድሮስ ነገሩን ከማኅተም አውጥተው ሥጋና ደም አለበሱት፤ ለማዳ አንበሶቻቸውን በዙሪያቸው አስተኝተው እንግዳ ሲቀበሉ የሚያሳየው የአውሮፓውያን ሥዕል ዛሬም በየመጽሐፉ ይታተማል። አፄ ምኒልክ ደግሞ በ1887 ዓ.ም. በፓሪስ ባስመቱት ብር ጀርባ ላይ ሰንደቅ የያዘ አንበሳ አሳረፉ።

ከሐውልቶቹ ሁሉ ብዙ ታሪክ የተሸከመው ለገሃር ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት የቆመው ነው። ፈረንሳዊው ቀራፂ ዦርዥ ጋርዴ የሠራው ይህ አንበሳ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በዓል ዋዜማ በ1923 ዓ.ም. ተመረቀ። ፋሽስቶች አዲስ አበባን ሲይዙ ነቅለው ወደ ሮም ወሰዱት። በሰኔ 1930 ዓ.ም. ኤርትራዊው ወጣት ዘርዓይ ደረስ ይህንኑ ሐውልት በባዕድ አደባባይ ቆሞ አየው፤ ተንበርክኮ ጸለየ፣ ከዚያም ጎራዴውን መዝዞ በጣሊያኖቹ ላይ ወረደባቸው። የጣላቸው ሰዎች ቁጥር ከተራኪ ተራኪ ይለያያል፤ የተያዘበትና በ1937 ዓ.ም. በግዞት ሲሲሊ ውስጥ የሞተበት ታሪክ ግን የታወቀ ነው። ሐውልቱ ወደ ቦታው የተመለሰው ጣሊያን ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ከአብዮቱ በኋላ የዘውድ ቅርስ ነውና ይነሣ ሲባል አርበኞች በዘርዓይ ስም ተከራክረው እንዳስቀሩት ይነገራል። ከብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት የቆመው የሞሪስ ካልካ አንበሳ የዚህ ታናሽ ነው፤ ለንጉሡ የሃያ አምስተኛ ዓመት ኢዮቤልዩ የተሠራ፣ ማዕዘን የበዛበት፣ ዘመናይ ነው። የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ስም ደግሞ ከንጉሥም ከሐውልትም አልመጣም። በወረራው መጀመሪያ ዓመት ከሆለታ የጦር ትምህርት ቤት ወጣቶችና ከሌሎች ምሁራን የተመሠረተው የአርበኞች ማኅበር ስም ነው።

ቤተ ክርስቲያን ከነገሥታቱ ርቃ የሄደች ይመስለኛል። በአክሱም አቅራቢያ ጎበድራ በሚባለው ቦታ በአለት ላይ አንዲት እንስት አንበሳ ተቀርጻለች፤ የአካባቢው አፈ ታሪክ ቅዱስ ሚካኤል ከአለቱ ጋር ያላተማት ናት ይላል። አቡነ ሳሙኤል ዘዋልድባ አንበሳ ላይ ተቀምጠው፣ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በስልሳ አንበሳና በስልሳ ነብር ተከበው ይሣላሉ። የሥዕሉ አንበሳ አይነክስም፤ እንደ በቅሎ ይታዘዛል። ከሁሉም የሚደንቀው በአክሱም ዘመን ከግሪክ ወደ ግዕዝ የተተረጎመው ፊሳልጎስ ነው። በዚህ መጽሐፍ አንበሳ አዳኝ እንዳይከተለው ዱካውን በጅራቱ ያጠፋል፣ ዓይኑን ገልጦ ይተኛል፣ ሞቶ የተወለደውን ደቦል በሦስተኛው ቀን እፍ ብሎ ሕያው ያደርገዋል። የእንስሳት ሳይንስ ሳይሆን የትንሣኤ ስብከት ነው፤ አንበሳን በዓይኑ ያየ ሰው ባይጽፈውም ምሥጢሩን ያዘጋጀው ሰው የተዋጣለት ነበር።

አሁን ወደ እሳት ዳር። የተረቱ አንበሳ ንጉሥ ነው፤ ግን ሁልጊዜ ትክክል አይደለም፤ የሚጥመኝም ለዚህ ነው። በድርቅ ዘመን አንበሳ፣ ነብር፣ ጅብና አህያ ይህ መዓት በማን ኃጢአት መጣብን ብለው ይናዘዛሉ። አንበሳ በሬ መብላቱን ይናገራል፤ «ይህማ ኃጢአት አይደለም» ይባላል። ነብሩም ፍየል፣ ጅቡም በግ በልቶ ይማራል። አህያ በመጨረሻ ባለቤቷ መንገድ ላይ ቆሞ ሲያወራ ጥቂት ሣር መንጨቷን ትናገራለች። ኃጢአቱ የተገኘው እዚያ ላይ ነው፤ ይበሏታል። በሌላው ተረት አንበሳ በሬ አለው፣ ጅብ ላም አለው። ላሚቱ ትወልዳለች፤ አንበሳ ጥጃውን በበሬው አጠገብ አቁሞ «የእኔ በሬ ወለደ» ይላል። አውሬው ሁሉ ፈርቶ እውነት ነው ብሎ ሲመሰክር ጦጣ ዘግይታ ትመጣለች። «አባቴ ምጥ ይዞት እሱን ሳዋልድ ቆየሁ» ስትል አንበሳ ወንድ እንዴት ይወልዳል ብሎ ይቆጣል፤ ፍርዱንም በራሱ አፍ ይሰጣል። ዛሬ ውሸትን «በሬ ወለደ» እያለ የሚያጣጥል ጋዜጣ ያቺን ጦጣ ሳያውቃት ይጠቅሳታል።

እንዲህ ያለው ተረት መድረክ ላይ ሲወጣ ነገሩ ተባባሰ። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ያዘጋጁት «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜድያ» ከላ ፎንቴን ተረቶች የተቀዳ ሲሆን የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ዘመናዊ ተውኔት ነው። የላ ፎንቴን አንበሳም ከእኛው አንበሳ ጋር ጎረቤት ነው፤ የአህያዋን ኑዛዜ እሱም ጽፎታል። የቤተ መንግሥቱ ሰዎች በአውሬዎቹ ጉባኤ የተቀመጡት እኛ ነን ብለው ስላሰቡ ተውኔቱ ታገደ። ያው ደራሲ ነው በ1923 ዓ.ም. የአገሪቱን የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት ያረቀቀው።

ምሳሌያዊ አነጋገራችን ከመድረኩም የበለጠ ይደፍራል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሲባል የሚታሰረው ማን እንደሆነ ልብ ይሏል፤ «አንበሳ ሲያረጅ የዝንብ መጫወቻ ይሆናል» ደግሞ ምሕረት የለውም። በየዕለቱ ግን ቃሉ ሙገሳ ነው። ፈተና ያለፈ ልጅ አንበሳ ይባላል፣ አዲስ አበባ ከ1930ዎቹ ጀምሮ በአንበሳ አውቶቡስ ስትሳፈር ኖራለች፣ በአርመኖች የተቋቋመው ዳርማር ጫማ ፋብሪካም ኋላ አንበሳ ተብሏል። በአድዋ በዓል ጎፈር ደፍቶ መፎከርም አንበሳ ለገደለ አዳኝ ይሰጥ ከነበረው ክብር የተረፈ ነው። የእግር ኳስ ቡድናችን ግን ዋልያ ነው፤ አንበሳውን ለካሜሩን፣ ለሴኔጋልና ለሞሮኮ ትተናል።

ባሕር ማዶ ሲሻገር የኢትዮጵያ አንበሳ ሌላ ሕይወት አገኘ። ንጉሡ በሚያዝያ 1958 ዓ.ም. ጃማይካ ሲደርሱ ራስታዎች የይሁዳን አንበሳ በዓይናቸው አየን ብለው ነበር፤ ሬጌ ዘፈንና ባንዲራው ዛሬም በእሱ ተሞልተዋል። በሲኒማ ደግሞ የሜትሮ ጎልድዊን ሜየር አንበሳ ከ1924 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከፊልሞች በፊት ይታያል፤ ዲስኒ በ1994 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ላየን ኪንግ» የዓለምን ልጆች አሸንፏል። በዚያ ፊልም ጅቦቹ ሌባና ጨካኝ ናቸው። የእኛ አያ ጅቦ ሞኝና ሆዳም እንጂ ሴረኛ አይደለም፤ በዱር ደግሞ፣ ተመራማሪው ሃንስ ክሩክ በታንዛኒያ ንጎሮንጎሮ እንዳሳየው፣ ጅቦች ያደኑትን ብዙ ጊዜ የሚቀማው አንበሳ ነው። ተራኪዎቻችን የበሬውን ባለቤት ያወቁት ይመስላል።

ለእውነተኛዎቹ አንበሶች የተረፈ ነገር ያመጣው ግን የ1966 እ.ኤ.አ. ፊልም «ቦርን ፍሪ» ነው። ኬንያ ውስጥ ያደገችው የኤልሳ ታሪክ ነው፤ መሪ ተዋንያኑ ቨርጂኒያ ማኬናና ቢል ትራቨርስ ከዓመታት በኋላ በፊልሙ ስም የሚጠራ የዱር እንስሳት ድርጅት አቋቋሙ። ድርጅቱ ሆለታ አካባቢ ባለው እንሰሳ ኮቴ ማእከል ከሕገወጥ ይዞታ የተወሰዱ አንበሶችን ያኖራል። በ1940 ዓ.ም. ግድም በተቋቋመው የስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ይኖሩ የነበሩት ጥቁር ጎፈር ያላቸው አንበሶች ደግሞ በ2012 እ.ኤ.አ. በታተመ የዘረመል ጥናት ከሌሎች የአፍሪካ አንበሶች የተለዩ መሆናቸው ታየ። በ2016 እ.ኤ.አ. በቦርን ፍሪ ድርጅት ድጋፍ የሄደ ቡድን በቋራ ወረዳ በሚገኘው አላጣሽ ብሔራዊ ፓርክ ካሜራ አጥምዶ አንበሶችን ፎቶ አነሣ፤ ከሱዳኑ ዲንደር ፓርክ ጋር ሲደመሩ ከመቶ እስከ ሁለት መቶ ሊደርሱ እንደሚችሉ ገመተ። የቋራ ሰው አንበሳ አለ ማለቱን አላቆመም ነበር።