ስም የሚጠራበት ሰዓት

በቅዳሴ መካከል የፓትርያርኩ ስም የሚጠራበት ቦታ አለ። ለአብዛኛው ምእመን ሳያስተውለው የሚያልፍ ነገር ነው። ውጭ አገር ባሉ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት ግን ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ሰው ጆሮውን አቁሞ የጠበቀው ያንን ስም ነበር። አቡነ መርቆሬዎስ ከተባለ ደብሩ የ«ስደተኛው ሲኖዶስ» ነው፤ አቡነ ጳውሎስ፣ ኋላም አቡነ ማትያስ ከተባለ የአገር ቤቱ። ሁለቱም ያልጣማቸው «ገለልተኛ» ተባሉ፤ እሱም ውሎ አድሮ ሦስተኛ ጎራ ሆነ።

ነገሩ የተጀመረው መንግሥት በተለወጠበት በ1983 ዓ.ም. ነው። አራተኛው ፓትርያርክ አቡነ መርቆሬዎስ ከመንበራቸው ወረዱ፤ በ1984 አቡነ ጳውሎስ ተሾሙ። አንዱ ወገን «ተገደው ነው፤ ፓትርያርክ በሕይወት እያለ ሌላ አይሾምም» ሲል ሌላው «ወደው ነው የለቀቁት» አለ። ቀኖና ተጠቀሰ፣ ተወጋገዙ።

ውግዘቱ ቤት ድረስ ገባ። ለክርስትና መጠራራት የተዉ ዘመዳሞች ነበሩ፤ ንስሐ አባቱን የቀየረም ብዙ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ለቅሶው ነው። ሰው ሲሞት እድሩ የሟችን ደብር አይጠይቅም። ቡናውን የምትቀዳዋ ሴት የማንን ስም እንደምታስጠራ ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ሲኒውን ግን ማንም አይመልስባትም ነበር። ጳጳሳቱ ባልተነጋገሩባቸው ዓመታት ልጆቻቸው «እግዜር ያጥናችሁ» እየተባባሉ ኖረዋል። ነገሩን ላሳምረው አልፈልግም፤ ከለቅሶ ቤት ወጥተው መኪና ማቆሚያው ላይ የሚጨቃጨቁም አልጠፉም።

ሽምግልናው ተደጋግሞ ከሽፏል። በ2005 ዓ.ም. ዳላስ ላይ የተደረገው ንግግር ሳይቋጭ አገር ቤት አቡነ ማትያስ ስድስተኛ ፓትርያርክ ሆኑ። እርቁ የወረደው በሐምሌ 2010 ዋሽንግተን ላይ ነው፦ ውግዘቱ ተነሣ፤ አስተዳደሩ ለአቡነ ማትያስ፣ ጸሎትና ቡራኬው ለአቡነ መርቆሬዎስ ሆነ። በቀኖና ዓይን ጎርባጣ ነበር፤ አንድ መንበር፣ ሁለት ፓትርያርክ። በ1983 እውነቱ ከማን ጋር እንደነበር የሚደረገውም ክርክር አልተፈታም። ሁለቱም ወገን የየራሱን እንደያዘ ወደ አንድ ግቢ ገባ። እኔ እንደማየው፣ እርቁን ያቆመውም ይኸው ነው፤ ማንም «ተሳስቼ ነበር» ብሎ እንዲፈርም ቢጠየቅ ኖሮ ዛሬም ዳላስ ላይ ነበርን።

አቡነ መርቆሬዎስ ሐምሌ 25 ቀን 2010 ዓ.ም. ከስደት ተመልሰው አዲስ አበባ ገቡ። ያረፉት የካቲት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። ዕለቱ አቡነ ማትያስ የተሾሙበት 9ኛ ዓመት ነበር።